የነቀርሳ መድኃኒትና የሆርሞን ዕጢዎቻችን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አባቶቻችን ይናገራሉ። ይህ እውነተኛ ቃል ነው። እኔ ግን ባለፈው ዐቢይ ጾም በቤተ ዘመዴ መካከል ያየሁት ነገር ሌላ ቃል እንድጨምርበት አስገድዶኛል፤ ይኸውም የመድኃኒቱን ጠባይ ያላወቀ ሰው መድኃኒቱ በእጁ እያለ ሊሞት ይችላል የሚል ነው።

በዚህ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ሳገለግል 11 ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ ስለ ሆርሞን ዕጢዎች የሚናገረውን ምዕራፍ በሰሌዳ ላይ እየሣልሁ አስተምሬአለሁ፤ ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ዳሩ ግን ምዕራፉን በቃል ማወቅና ነገሩን ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የመጽሔታችን አዘጋጆች «ለተማሪዎች የሚጠቅም አንድ ትምህርት ጻፍልን» ባሉኝ ጊዜ፥ ያስተማርሁትን ሳይሆን የተማርሁትን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

1ኛ. ሆርሞን ማለት ምንድን ነው?

ሰውነታችን ሥራውን የሚያካሂደው በሁለት ዓይነት መልእክተኞች ነው። አንደኛው በነርቭ የሚተላለፈው መልእክት ሲሆን፥ እንደ ስልክ ወዲያው ይደርሳል። ሁለተኛው ሆርሞን ነው። ይህ ከዕጢ እየመነጨ በደም ውስጥ የሚጓዝ፥ የደረሰበትንም ክፍል «ፍጠን» ወይም «ዝግ በል» እያለ የሚያዝ ንጥረ ነገር ነው። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜውም ማነሣሣት ወይም ማንቀሳቀስ ማለት ነው። በዚህ ስም መጀመሪያ የተጠቀመው እንግሊዛዊው ሊቅ ኤርነስት ስታርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1905 ነው።

ሆርሞን የሚያመነጩት ዕጢዎች ብዙ ናቸው። ለዛሬው ትምህርታችን ግን አራቱን ማወቅ ይበቃል።

ሀ) ታይሮይድ። ይህች ዕጢ በአንገታችን ፊት ለፊት ከማንቁርት በታች ትገኛለች። ቅርጿ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ ይመስላል። ሰውነት ምግብን አቃጥሎ ኃይልና ሙቀት የሚያገኝበትን ፍጥነት የምትወስን እርስዋ ናት። ሆርሞንዋ ሲያንስ ሰው ይበርደዋል፥ ይደክመዋል፥ ይወፍራል፥ ሆዱ ይደርቃል፥ ቆዳው ይሻክራል፥ አሳቡም ይዘገያል። ሲበዛ ደግሞ ልቡ ይመታል፥ ያልበዋል፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ እየበላ ይከሳል።

ለ) አድሬናል። እነዚህ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ሲሆኑ በሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ እንደ ቆብ ተቀምጠዋል። ከሚያመነጩአቸው አንዱ ኮርቲሶል ይባላል። ኮርቲሶል የደምን ግፊትና በደም ያለውን ስኳር ይጠብቃል፤ ሰው ሲታመም፥ ሲቆስል ወይም ሲደነግጥ እንዲችለው የሚያደርገው እርሱ ነው። ያለ ኮርቲሶል ማንም ሰው በሕይወት አይኖርም።

ሐ) ቆሽት። ከጨጓራ በስተኋላ ያለ ሲሆን ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ይሰጣል። ኢንሱሊን ከሌለ ስኳር በደም ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ ለሕዋሳት ምግብ አይሆንም። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1921 ኢንሱሊን ተለይቶ እስኪወጣና በሚከተለው ዓመት ለሕሙማን መሰጠት እስኪጀምር ድረስ፥ በልጅነቱ የስኳር በሽታ የያዘው ሰው ሁሉ ሞቱ የታወቀ ነበር።

መ) ፒቱታሪ። ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለች፥ አንዲት ሽምብራ የምታህል ዕጢ ናት። መጠንዋ ትንሽ ይሁን እንጂ ሥልጣንዋ ትልቅ ነው፤ ታይሮይድንም አድሬናልንም «ሥሩ» ብላ የምታዝዝ እርስዋ ናትና። እርስዋ ዝም ካለች የታዘዙት ዕጢዎች ጤነኞች ሆነው ሳለ ሥራ ይፈታሉ።

2ኛ. በአገራችን የታወቀው የታይሮይድ ሕመም

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ተራሮች ለሚኖር ሰው የታይሮይድ ነገር እንግዳ አይደለም። በገበያ ቀን በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ የቆመ ሰው እንቅርት ያለባቸውን እናቶች ማየቱ አይቀርም። የዚህ እንቅርት ዋና ምክንያት የአዮዲን ማነስ ነው። አዮዲን በባሕር ውስጥ የሚበዛ ንጥረ ነገር ሲሆን፥ በተራራ አገር ግን ዝናብና ጎርፍ ከአፈሩ ጠርጎ ይወስደዋል። አፈሩ ያላገኘውን ገብሱም ባቄላውም አያገኘውም፤ የሚበላውም ሰው ያጣዋል። ታይሮይድ ሆርሞንዋን የምትሠራው ከአዮዲን ስለ ሆነ፥ ያ ሲጎድልባት የቻለችውን ያህል ለመሥራት ስትል እየሰፋች ታብጣለች።

ለዚህ መድኃኒቱ አዮዲን የገባበት ጨው ነው። በኢትዮጵያ ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝዘው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶአል። እናቶቻችሁን እንዲህ ብላችሁ ምከሩአቸው፤ ጨውን ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቆ በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ፥ በወጥም ላይ የሚጨመረው ወጡ ሊወጣ ሲል ቢሆን ይሻላል፤ ሙቀትና ፀሐይ አዮዲኑን ያባክኑታልና።

ነገር ግን የታይሮይድ ሕመም ሁሉ ከአዮዲን ማነስ የሚመጣ አይደለም። አዮዲን ሳይጎድል የራስ የመከላከያ ኃይል ዕጢዋን ሲያጠፋትም ይገኛል። ይህን ዓይነቱን ሕመም ሐካሩ ሐሺሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 ጽፎ አሳውቆአል፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የዛሬው ትምህርቴ የሚያመራው ወደዚህ ነው።

3ኛ. የሰውነት ጠባቂዎች

በመንዝ ተወልዶ ጓሳን የማያውቅ የለም። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ሰዎች አለቃ እየመረጡ፥ ሕግ እያወጡ ያን አምባ እንደ ጠበቁት ይነገራል። ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። በተዘጋበት ወራት ከብቱን ያስገባ ወይም ሣር ያጨደ ይያዛል። ጥበቃው መልካም የሚሆነው ግን ጠባቂው ሁለት ነገር ሲያውቅ ነው፤ ሌባውን መያዝና ባለ መብቱን መተው።

በሰውነታችንም እንዲሁ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ጠባቂዎቻችን ናቸው። ከእነርሱም መካከል ቲ ሕዋስ የሚባሉት እየዞሩ የእያንዳንዱን ሕዋስ ገጽ ይመረምራሉ፤ በጀርም የተያዘውን ወይም የተበላሸውን ሲያገኙ ይገድላሉ። የሰውነት ሕዋሳት ግን እንዳይገደሉ «እኔ የቤት ነኝ፤ ተወኝ» የሚል አንድ ዓይነት የማለፊያ ምልክት ያሳያሉ። በቲ ሕዋሱም ላይ ይህን ምልክት የሚቀበል ክፍል አለ። ምልክቱ ሲነካው ጠባቂው በትሩን ያወርዳል።

ነቀርሳ ተንኮለኛ ነው። ነቀርሳ ከውጭ የገባ ጠላት ሳይሆን መባዛት ማቆምን የረሳ የራሳችን ሕዋስ ስለ ሆነ፥ ይህንኑ የማለፊያ ምልክት አብዝቶ ያወጣል። ጠባቂው ይመጣል፥ ምልክቱን ያያል፥ ያልፋል። ሌባው ማለፊያ ወረቀት ይዞ በጓሳ መካከል ያጭዳል እንደ ማለት ነው።

4ኛ. አዲሱ መድኃኒት

የቀድሞው የነቀርሳ ሕክምና ሦስት ዓይነት ነበር፤ በቢላዋ ቆርጦ ማውጣት፥ በጨረር ማቃጠል፥ ሕዋስን በሚገድል መድኃኒት ማጥፋት። እነዚህ ዛሬም ዋናዎቹ ናቸው። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ግን ሌላ መንገድ አገኙ። ሆንጆና ባልደረቦቹ በቲ ሕዋስ ላይ ካሉት የማለፊያ ምልክት ተቀባዮች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1992 አወጡት። አሊሰንም በሌላው ተቀባይ ላይ ሠርቶ፥ ያ ተቀባይ ቢሸፈን ጠባቂው ነቀርሳን እንደሚያጠቃ በአይጦች ላይ አሳየ። እነዚህ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2018 የሕክምናን የኖቤል ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

ከዚህ ጥናት ኢፒሊሙማብ የሚባለው መድኃኒት ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ደግሞ በ2014 ተከተሉት። እነዚህ መድኃኒቶች ነቀርሳውን ራሳቸው አይገድሉትም። የጠባቂውን ተቀባይ ይሸፍኑና የማለፊያው ወረቀት እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ጠባቂው ከዚያ ወዲያ «ወረቀት አላይም» ይላል። ሁሉን ሰው አያድኑም፤ ነገር ግን ቀድሞ ተስፋ ከተቆረጠባቸው ሕሙማን መካከል ለብዙ ዓመታት የኖሩ አሉ።

አስተዋይ ተማሪ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣት አለበት። ጠባቂው የማንንም ወረቀት የማያይ ከሆነ፥ እውነተኛውን ባለ መብት ማን ያድነዋል? የችግሩ ሥር ይህ ነው።

5ኛ. ጠባቂው የቤቱን ሰው ሲመታ

በእነዚህ መድኃኒቶች ምክንያት የተነሣው ጠባቂ ቆዳን፥ አንጀትን፥ ሳንባን፥ ጉበትን ሊያቆስል ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ግን ዝም ብለው የሚጠቁት የሆርሞን ዕጢዎች ናቸው።

ታይሮይድ ብዙ ጊዜ ትመታለች። ከሁለተኛው ወገን መድኃኒቶች አንዱን ከሚወስዱ 100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ዕጢዋ ትደክምባቸዋለች። ነገሩ የሚጀምረው በተቃራኒው ነው፤ ዕጢዋ ስትቆስል ያጠራቀመችው ሆርሞን በአንድ ጊዜ ይፈስና ልብ ይመታል፥ ሰውነት ይከሳል፤ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ጎተራው ባዶ ይሆንና ብርዱና ድካሙ ይመጣል። ፒቱታሪ ይልቁን በኢፒሊሙማብ ትጠቃለች፤ ምልክቱም ከባድ ራስ ምታት፥ ልክ የሌለው ድካም፥ ማቅለሽለሽና የደም ግፊት መውረድ ነው። አድሬናልና ቆሽት የሚጠቁት በጥቂት ሰዎች ነው፤ ቆሽት በሚጠቃበት ጊዜ ግን የስኳር በሽታው በቀናት ውስጥ ሊገለጥ ይችላል። ሰውየው ውኃ ይጠማዋል፥ ሽንቱ ይበዛል፥ ያስታውከዋል፥ ወዲያው ካልታከመም ራሱን ይስታል።

ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ የሚደርሰው መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ሕክምናው ካበቃ በኋላ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ደግሞም የቆሰለ ቆዳና አንጀት በመድኃኒት ሲድን፥ የሞተ ዕጢ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ደግነቱ የጎደለውን ሆርሞን በክኒን ወይም በመርፌ መተካት ይቻላል። ሕመምተኛው የተተካውን ሆርሞን በሥርዓት እስከ ወሰደ ድረስ የነቀርሳ ሕክምናውን ብዙ ጊዜ ማቋረጥ አያስፈልገውም።

6ኛ. በአክስቴ ላይ የደረሰው

አክስቴ የጌራ ምድር ሰው ናቸው። በውስጥ እግራቸው ላይ ጥቁር ምልክት ወጥቶ ብዙ ጊዜ «እሾህ የወጋኝ ነው» እያሉ ኖሩ። ይህ በጥቁር ሕዝብ ላይ የሚወጣው የቆዳ ነቀርሳ ጠባይ ነው፤ በውስጥ እግር፥ በመዳፍና በጥፍር ሥር ይሸሸጋል። ስመ ጥሩው ጃማይካዊ ዘፋኝ ቦብ ማርሊም በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ እንዲህ ባለ ነቀርሳ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ ሞቶአል። የአክስቴ ብሽሽት ባበጠ ጊዜ በባሕር ማዶ የምትኖረው ልጃቸው ወሰደቻቸው። በዚያም ቆረጡላቸው፤ ከዚያም ሁለቱን ዓይነት መድኃኒቶች አንድ ላይ ሰጡአቸው። ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ራሳቸውን አመማቸው፥ ከአልጋም መነሣት አቃታቸው። ሐኪሞቹ ፒቱታሪያቸው እንደ ተጎዳች አወቁ። አስቀድመው የኮርቲሶልን ምትክ፥ ከቀናት በኋላም የታይሮይድን ምትክ ጀመሩላቸው። ነቀርሳውም እየቀነሰ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመት «አገሬን ልይ» ብለው መጡ። የመጡት ጾም ሊገባ ሲል ነበር። የኮርቲሶሉን ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ፥ የመጀመሪያውንም ሲነጋ ይውጡ ነበር። ጾሙ በገባ ማግስት፥ ባናቸውን ተከናንበው በመደብ ላይ ተቀምጠው ሳሉ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህ። እዚያ ማዶ ሳለሁ ከልጄ ቤት ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን የሄድሁበት ቀን ጥቂት ነው። አሁን ግን በአገሬ ላይ ነኝ። ይህን ክኒን ከቅዳሴ በኋላ በ9 ሰዓት ብውጠው ምን ይለኛል?»

እኔም፥ «እትዬ፥ ምንም አይልዎትም። ቁጥሩ እስካልጎደለ ድረስ ሰዓቱ ቢዘገይ ምን ይጎዳል?» አልሁአቸው።

ይህን የተናገርሁት እኔ የባዮሎጂ መምህሩ ነኝ። ልጃቸው በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ከሻንጣቸው ጋር ልካ ነበር፤ እኔ ግን አውጥቼ አላነበብሁትም።

አክስቴ ክኒኖቹን ሁሉ ከ9 ሰዓት በኋላ፥ የታይሮይዱንም ከቡና ጋር ይወስዱ ጀመር። ሦስት ቀን እንደ ምንም አለፈ፤ «ጧት ጧት ይደክመኛል» ብቻ ይሉ ነበር፤ እኛም የጾም ድካም ነው አልን። በአራተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛቸው፥ ማታ የዋጡትንም አስመለሳቸው። በማግሥቱ ጧት ሊነሡ ሲሉ ወደቁ። እጃቸው ቀዝቅዞ፥ ቃላቸው ተቀላቅሎ፥ ልጆቻቸውን መለየት ተስኖአቸው አገኘናቸው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «በሽታው ተመልሶ ነው፤ አታንገላቱአቸው» አለ። ሌላው «ጠበል ይወሰዱ» አለ። ያን ጊዜ አንዲት ልጅ፥ በዚህ ትምህርት ቤት የምትማር የአክስቴ የልጅ ልጅ፥ ወረቀቱን ከሻንጣው አውጥታ «ጋሼ፥ ይህን አንብበውታል?» አለችኝ። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ መኪና መንገድ ስንወርድ አነበብሁት። የተጻፈው አጭር ነው። «ይህች ሕመምተኛ ኮርቲሶል አታመነጭም። መድኃኒትዋን ካቋረጠች፥ ወይም ካስታወከች፥ ወይም ራስዋን ከሳተች ወዲያውኑ 100 ሚሊ ግራም ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌ ይሰጣት» ይላል።

ከሆስፒታል ስንደርስ የደም ግፊታቸው እጅግ ወርዶ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ አንድም ነገር ሳይጠይቅ መርፌውን ሰጠ፤ ጨውና ስኳር ያለበት ፈሳሽም በደም ሥራቸው አስገባ። ከሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ። ወደ ማታ ላይ «እርቦኛል» አሉ። እኔ በሕይወቴ ከዚህ ቃል የበለጠ ደስ የሚል ነገር ሰምቼ አላውቅም።

በኋላ የነፍስ አባታቸው መጥተው፥ «ሕመምተኛ መድኃኒቱን በጊዜው ቢውጥ ጾም አይሻርም፤ ይህን ቀድሞ መጠየቅ ነበረብዎ» ብለው ገሠጹአቸው። እኔን ግን ማንም አልገሠጸኝም። ስለዚህ ራሴ በዚህ መጽሔት ላይ እጽፈዋለሁ።

7ኛ. ስሕተቴ ምን ነበር?

ስሕተቴ ሆርሞንን እንደ እህል መቍጠሬ ነው። እህል ጧት ያልበላውን ሰው ማታ ቢያካክስ ይኖራል። ጤነኛ ሰውነት ግን ኮርቲሶልን አብዝቶ የሚያመነጨው ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ነው፤ ሰውን ከአልጋ የሚያስነሣው እርሱ ነው። በክኒን የተወሰደውም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል። ከማታ እስከ 9 ሰዓት ያለ ምትክ የቆየ ሰው፥ በባዶ ጎተራ ላይ ነው የሚውለው። በዚህ ላይ ጾሙ ውኃና ስኳር ነሣቸው፤ ተቅማጡም ተጨመረበት። ጤነኛ ሰው ሲታመም አድሬናሎቹ ኮርቲሶልን ብዙ እጥፍ ይጨምራሉ። እርሳቸው ግን ተጨማሪ የሚሰጣቸው ዕጢ የላቸውም።

ስለዚህ የሚከተሉትን በደብተራችሁ ጻፉ።

1. የኮርቲሶል ምትክ የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንድ ቀንም ማቋረጥ፥ ሰዓቱንም ማዛወር የለበትም።

2. ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ሲይዘው መጠኑን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ እንዲያደርግ ሐኪሙ አስቀድሞ ያስተምረዋል። የሚያስታውክ ከሆነ ግን ክኒኑ አይቆይለትምና መርፌ ያስፈልገዋል፤ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

3. ኮርቲሶልም ታይሮይድም የጎደለው ሰው አስቀድሞ ኮርቲሶሉ ይተካለታል። የታይሮይድ ሆርሞን ሰውነትን ስለሚያፋጥን ጥቂት የቀረውን ኮርቲሶል ጨርሶ ሕመምተኛውን ሊጥለው ይችላል።

4. የታይሮይድ ክኒን በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይዋጣል። ቡና ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋልና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መቆየት ይገባል። ከብረትና ከካልሲየም ክኒን ጋርም አይወሰድም።

5. ሕመምተኛው ምን እንደሚወስድ የሚገልጽ ወረቀት ከእርሱ አይለይ። ቢቻል በአማርኛም ይጻፍ፤ ቤተ ሰቡም ሁሉ ያንብበው።

6. ነቀርሳ ታክሞ የነበረ ሰው ሲደክም ሁልጊዜ «ተመልሶበት ነው» ብሎ መተው ስሕተት ነው። ድካሙ በአንድ ክኒን የሚመለስ የሆርሞን ጉድለት ሊሆን ይችላል። ደም ይመርመር። ሐኪሙም የታይሮይድን ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን የታይሮይድን ሆርሞን ራሱን ጭምር ይለካል፤ በፒቱታሪ ሕመም ጊዜ ትእዛዙ ብቻውን እውነቱን አያሳይምና።

8ኛ. ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ምናልባት አንዳንድ ተማሪ፥ «ይህ መድኃኒት ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ ለመንዝ ገበሬ ምን ያደርግለታል?» ይል ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ስትሰጥ ቆይታለች፤ ለብዙ ዓመታትም በዚህ አገልግሎት የነበረው እርሱ ብቻ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ ሕመምተኛ ተራ ሲጠብቅ የከረመበት ጊዜ ብዙ ነው። አዲሶቹን መድኃኒቶች ያገኘም ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው።

ነገር ግን ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ፥ በውጭ ታክመው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ዘመዶቻችን እየበዙ ነው፤ ክኒናቸውን ይዘው የሚገቡት ወደ እኛ ቤት ነው። ሁለተኛ፥ ከራስ ጠባቂ ስሕተት የሚመጣ ባይሆንም፥ የዕጢ ድካም በሌላም ሕክምና ይመጣል፤ በአንገት ላይ ጨረር የተሰጠው ሰው ከዓመታት በኋላ ታይሮይዱ ሊደክምበት ይችላል። ሦስተኛ፥ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ርካሽ ክኒን ለአስም፥ ለቁርጥማት ወይም ለሌላ ሕመም ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው በየወረዳው አለ። ምትኩ በየቀኑ ከውጭ ስለሚገባላቸው አድሬናሎቹ ሥራቸውን ይተዋሉ፤ ሰውየውም ክኒኑን በአንድ ቀን ቢያቋርጥ በአክስቴ ላይ የደረሰው ሊደርስበት ይችላል። እንዲህ ያለው መድኃኒት የሚቆመው ሐኪም እያየው፥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

አክስቴ ዛሬ በጤና አሉ። ፋሲካን ከእኛ ጋር ውለው ተመልሰዋል። ከመሄዳቸው በፊት ወረቀቱን በአማርኛ ገልብጬ ሦስት ቦታ አስቀመጥሁላቸው፤ አንዱን በሻንጣቸው፥ አንዱን በመቀነታቸው፥ አንዱንም ወረቀቱን ባወጣችው ልጅ እጅ። እርስዋም ክኒኑን በሰዓቱ እንዲውጡ ጧት ጧት ስትቆጣጠራቸው ሰንብታለች።

ተማሪዎቼ ሆይ፥ ዕውቀት ማለት በፈተና ወረቀት ላይ የዕጢዎችን ስም በተራ መጻፍ ብቻ አይደለም። በመደብ ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት «አንተ የተማርህ ነህ» ብላ ስትጠይቃችሁ የምትመልሱት መልስ ነው። የማታውቁትን «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ለማለት አትፈሩ። እኔ ያን ጊዜ ይህን ቃል ብናገር ኖሮ፥ አክስቴ በቃሬዛ ላይ ባልተጓዙ ነበር።